አንኮበር በብስክሌት፣ በአመዛኙ በእግር

አረርቲ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገት ምን እንደሆነ አያውቅም። አገሩ ሜዳ ነው፤ ከቤቱ ወጥቶ ፔዳል የረገጠ ሰው ባይፈልግም ገበያ ይደርሳል። ይህን የምጽፈው ለአረርቲ ሰዎች ነው፤ በተለይ ከመለዋወጫ ሱቄ በረንዳ ተቀምጠው "እንዴት ነበር ጉዞው?" ብለው ለሚጠይቁኝና መልሱን ሳልጨርስ ስለ ጤፍ ለሚያነሱት። አብዛኞቻችሁ አንኮበር እንደማትሄዱ አውቃለሁ። ልጄ ባትጎትተኝ እኔም አልሄድም ነበር።

ጉዞው የቤተሰብ የብስክሌት ጉዞ ይባላል። ደብረ ብርሃን ያሉ ብስክሌት የሚወዱ ወጣቶች በዓመት አንዴ ያዘጋጁታል። ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ይጣመርና አብረው ይነዳሉ። የደከመው ከኋላ በምትከተል ፒክአፕ ይጫናል። ከሁለቱ አንዱ መኪናዋ ላይ ከወጣ ሁለቱም እንደወጡ ይቆጠራል። ነድተውም ይሁን ገፍተው፣ መኪና ሳይሳፈሩ አንኮበር የደረሱ ልጆች ለብስክሌታቸው ደወል ይሸለማሉ።

ልጄ ሶስና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አምና ከጎረቤታችን ልጅ ከራሄልና ከአባቷ ጋር ሄደን ነበር። መንገድ ላይ የሶስና ጎማ ፈነዳ፤ የሚሆናት ጎማ ጠፋና መኪና ላይ ወጣን። የመለዋወጫ ነጋዴ መሆኔን ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ራሄል ደወሏን ይዛ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ በደጃችን ባለፈች ቁጥር ደወሉ ይጮኻል። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ደወል ያለው ሰው ይደውላል። ግን አንድ ቀን በጨዋታ መሀል "አንቺ እኮ የሄድሽው በመኪና ነው" አለቻት። ሶስና ያን ዕለት ራቷን ሳትበላ ተኛች። ዘንድሮ "መኪናዋን በእጄም አልነካት" ብላ ማለች። በሕጉ መሠረት መሐላው እኔንም ይጨምራል። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ ቤት ቀረች። ለምን እንደማትመጣ ስጠይቃት "ሬሳችሁን የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል" አለች። የስድስት ዓመቱ ናሆም ግን አብሮን ሊሄድ ተነሳ። እሱ የሚጣመረው ከፒክአፗ ጋር እንደሆነ ገና ከቤት ሳንወጣ አሳወቀን።

ዓርብ

ደብረ ብርሃን የዞናችን ከተማ ናት፤ ጉዳይ ሲኖረን የምንሄደው እዚያ ነው። ያን ቀን ግን በቀጥታ የሚወስደን መኪና ስላጣን በአዲስ አበባ ዞረን ሄድን። ወደ ራሳችን ከተማ ለመድረስ የሌላ ሰው ከተማ ማቋረጥ ደስ አይልም፤ ናሆም ብቻ ወደደው፤ ፎቅ ይቆጥር ነበር።

ብስክሌቶቹን የአውቶቡሱ ረዳት ጣራ ላይ ጫናቸው። "ገልብጬ ነው የማስራቸው፤ እንዲህ ነው የሚታሰር" አለኝ። እኔም ሙያውን አክብሬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ደብረ ብርሃን ስንወርድ የሶስና ብስክሌት ሙሉ ነበር፤ የኔ መቀመጫ የለውም። ረዳቱ ጣራው ላይ ወጥቶ ፈለገና "ሲጫንም አልነበረውም" አለ። ከአረርቲ ድረስ ያለ መቀመጫ ብስክሌት ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አልነገረኝም።

ያረፍንበት ሆቴል ዘበኛ ብስክሌቱን ዞረው ዞረው አዩትና ወደ ቤታቸው ሄዱ። የልጃቸውን የአሮጌ ብስክሌት መቀመጫ ይዘው ተመለሱ፤ ስፖንጁ አልቆ ብረቱ ቀርቷል። እሱን ካሰሩልኝ በኋላ እንደገና ሄደው የበግ አጎዛ አመጡ፤ ሁለት እጥፍ አድርገው በላዩ ጠፈሩት። "በዚህ ላይ የተቀመጠ ሰው መውረድ አይፈልግም" አሉኝ። ለመክፈል ብሞክር ተቆጡ።

ስለ ብርዱ የምለው አለኝ። አረርቲ ላይ ሹራብ የሚለብሰው ወባ የያዘው ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ሰው ይለብሳል፤ ሕፃናትም ዛፍ ላይ የሚወጡት በሹራብ ነው። ለራት ሽሮ በላን። ሽምብራው የኛ አገር ሽምብራ መሆኑን ለአስተናጋጇ ነገርኳት፤ "እሺ" አለች። አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ተደራርቧል፤ በክብደቱ ምክንያት ሌሊቱን የተገላበጠ ከመካከላችን አልነበረም።

ቅዳሜ

ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ናሆም ጨው መስሎት ቀመሰው።

አስተባባሪዋ ትዕግስት የምትባል ፊሽካ ያንጠለጠለች ወጣት ናት። ሕጉን አነበበችልን፤ ቢጫ ካኔተራ አደለችን። ልጆች ስላሉ ሙሉውን መንገድ አንነዳም፤ እስከ እኩሌታው በአይሱዙ ተጭነን ከዚያ እንነሳለን። ሶስና አይሱዙው አጠገብ ቆማ አልወጣም አለች።

"ይሄስ መኪና አይደለም?"

"ከመነሻው በፊት ያለው አይቆጠርም" አለች ትዕግስት።

"ማን ነው ያለው?"

"እኔ።"

ሶስና ወደኔ ዞረች። እኔም እንደማይቆጠር አረጋገጥኩላት። ወጣች፤ ግን እስከ መነሻው ቆማ ነው የሄደችው።

ከአይሱዙ ከወረድን በኋላ ስላለው መንገድ ብዙ ማለት አልችልም፤ አብዛኛውን ጊዜ የማየው የፊት ጎማዬን ነበር። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፤ ማሳውን የሚለየው የድንጋይ ካብ ነው። ነፋሱ ከፊት ይመጣል፤ መንገዱ ሲጠመዘዝ አብሮ ይጠመዘዛል። አረርቲ ላይ ነፋስ ሲመጣ ሰው ደረቱን ይከፍትለታል፤ እዚህ የተከፈተ ደረት አላየሁም። የመንገዱ ዳር ጭላዳዎች ሣር ከመንቀል አቋርጠው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ፒክአፗ ባለፈችን ቁጥር ናሆም ከሹፌሩ ከጌታነህ ጎን ሆኖ ቆሎ እየበላ እጁን ያውለበልባል። ሶስና ከፊቴ ናት። በየዳገቱ ጫፍ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ስደርስ "አይዞህ አባዬ፣ መኪና ላይ እንዳትወጣ ብቻ" ትለኛለች።

ዳገቱ ሁሉ አልቆ ወደ አንኮበር የሚወስደው ረጅሙ ቁልቁለት ሊጀምር ሲል፣ ከመንገዱ ዳር ካለ ግቢ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና መንገዱ መሀል ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ሰልፉን በሙሉ አስቆሙት። የትዕግስት ፊሽካ ይህን ያህል ፍሬን አስይዞ አያውቅም።

"ወዴት ነው ሳትቀምሱ? የሚካኤል ዝክር ነው፤ ግቡ!"

"እግዜር ይስጥልን እማማ፤ ሰዓት የለንም" አለች ትዕግስት።

"ሚካኤልን ሰዓት የለኝም ትይዋለሽ?"

ገባን።

እኛ ዘንድ ዝክር ሲኖር ለሰፈሩ ሰው ይነገራል። እዚህ መንገዱን ነው የሚጠሩት። ባለ ዝክሯ እማማ አሰገደች ይባላሉ። ጎረቤቶቹና ቄሱ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛም ቢጫ ለብሰን ባገኘንበት ተጠጋጋን። ወፍራም ዳቦ፣ የባቄላ ንፍሮና ጠላ ቀረበ፤ ለልጆቹ ቀጠን ያለ ቅራሪ ተቀዳ። ቄሱ በር ላይ የተደገፈውን ብስክሌቴን አዩ፤ አጎዛውን ሲያዩ በበቅሎ የመጣሁ ያህል አክብረው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ከቄስ ጎን የተቀመጠ ሰው ቄሱ አሳርገው ሳይነሱ አይነሳም። ቄሱም ጥርስ ስለሌላቸው ንፍሮውን በዝግታ ነው የሚበሉት።

ሌሎቹ ለትዕግስት ፊሽካ ሲሉ እያመሰገኑ አንድ በአንድ ወጡ። እኔ ለመነሳት ስሞክር እማማ አሰገደች "አፈር ስሆን" እያሉ ሌላ ቁራሽ ይሰጡኛል። ሶስና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ መንገዱን ታያለች። ፒክአፗ የደከሙትን ይዛ፣ ናሆምንም ይዛ ወረደች፤ ጌታነህ "እነሱን አድርሼ ለእናንተ እመለሳለሁ" አለን። ቄሱ ሲያሳርጉ ግቢው ውስጥ ከተጓዦቹ የቀረነው እኔና ሶስና ብቻ ነበርን።

"በሉ፣ እስከዚያች ባሕር ዛፍ ልሸኛችሁ" አሉ እማማ አሰገደች።

ወጣን። እሳቸው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ እኛ ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ከጎናቸው። ከሰው ቤት በልቶ፣ ባለ ዝክሯ እየሸኙት፣ ኮርቻ ላይ ተፈናጥጦ መሄድ አይሆንም። ይህን ሶስናም ታውቃለች፤ ያስተማራት ግን የለም። ባሕር ዛፏ ጋ ደረስን።

"በቃ፣ ይመለሱ እማማ" አልኩ።

ብስክሌቶቹን አዩ፤ እኛን አዩ። ፊታቸው ላይ ሐዘን ነበር። "እስከዚያ ድንጋይ ልድረስ" አሉ።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ እስከ ኩርባው አሉ። ኩርባው ጋ እንዲመለሱ በሚካኤል ለመንኳቸው፤ እሳቸውም በሚካኤል እምቢ አሉኝ። በኋላ እንደተረዳነው ብስክሌቶቹ የተሰበሩ መስሏቸዋል። እኛ እሳቸው ስለሚሄዱ አልተሳፈርንም፤ እሳቸው እኛ ስላልተሳፈርን አዝነው አልተመለሱም። በሁለቱም ወገን ጨዋ ነበርን።

ከጠዋት ጀምሮ ያጽናናኝ የመጨረሻው ቁልቁለት ነበር። ዘበኛው አጎዛውን ያሰሩልኝ ለእሱ ነው ብዬ አስብ ነበር። እያንዳንዷን ሜትር ፍሬን ይዤ በእግሬ ወረድኩት።

"አባዬ፣ ቁልቁለቱ እኮ እያለቀ ነው" አለችኝ ሶስና በሹክሹክታ።

"አሁን ይመለሳሉ።"

በመመለስ ፋንታ ጉም መጣ። አረርቲ ላይ ጉም በክረምት ጠዋት ተራራ ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ሰው ላይ አይመጣም። ይህኛው ከገደሉ ሥር ተነስቶ መንገዱን ተሻገረና የፊት ጎማዬን ወሰደብኝ። ትዕግስት ጠዋት ካነበበችው ሕግ አንዱ በጉም መንዳት ክልክል ነው የሚል ነበር። እማማ አሰገደች የሶስናን ብስክሌት መሪ በአንድ በኩል ያዙ።

"በጉም ልጅ አይለቀቅም። ገደሉ በዚህ በኩል ነው፤ እኔን ተጠጊ።"

ከፊቴ ድምፃቸው ብቻ ይሰማኛል። ሶስና ስለ መኪናዋ፣ ስለ መሐላዋና ስለ ደወሉ ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ደወል? በቅሎ ነው እንዴ?"

"አይ፣ ብስክሌት ላይ ይታሰራል።"

"ምን ያደርግልሻል?"

"በራሄል ቤት ሳልፍ ልደውልበት።"

እማማ አሰገደች ትንሽ አሰቡ። "ተገቢ ነው" አሉ።

የአንኮበር የመጀመሪያዋ ቤት ጋ ስንደርስ ቀኑ መሽቶ ነበር ማለት ይቻላል። ማረፊያችንና ደወሎቹ ያሉበት ግቢ ገና ወደ ታች ነው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። እማማ አሰገደች ቆሙ። "እንግዲህ ሰው ቤት ደርሳችኋል። ደኅና እደሩ" አሉ። በዚያው ቅጽበት ፒክአፗ መብራቷን አብርታ ከጉሙ ውስጥ ወጣች። በጉሙ የዘገየው ጌታነህ መስኮቱን አወረደ፤ ናሆም ከጎኑ ተኝቷል።

"እማማ፣ ይግቡ፤ እኔ አደርስዎታለሁ" አለ ጌታነህ።

"ማን ሸኘሽ ቢሉኝ ሹፌር ልበል?" አሉና መንገዱን ወደመጡበት ጀመሩት።

ጌታነህ ከፋው። ትንሽ ቆይቶ "እንግዳቸው አብሯቸው ካልሄደ አይገቡም፤ እናቴም እንዲሁ ናት" አለኝ።

እዚህ ላይ የተሰማኝን በግልጽ ልናገር። መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን እኔ ከወጣሁ ሶስናም እንደወጣች ትቆጠራለች። አንድ ዓመት ሙሉ የዚያን ደወል ጩኸት የሰማሁት እኔም ነኝ፤ በዚያች ደቂቃ ደወሉን ከልጄ ይልቅ እኔ ፈለግሁት። ቁልቁል ሮጠን ደርሰን መመለስ እንችል እንደሆነ አሰብኩ፤ አሮጊቷ በጉም ውስጥ ብቻቸውን ዳገት ሲወጡ ታዩኝ። "እኔ..." ብዬ ጀመርኩና አፌን እንደከፈትኩ ቆምኩ።

ሶስና ወደ ታች አየች። ወደ ላይ አየች። ብስክሌቷን ቀስ አድርጋ መንገዱ ዳር አስተኛችው።

"እማማ! ይጠብቁኝ፤ እኔ ልሸኝዎት!"

በእጄም አልነካት ያለቻትን መኪና በር በእጇ ከፈተችው። እማማ አሰገደች ተመልሰው መጥተው ልጅቷን አዩ፣ በሩን አዩ።

"ደወልሽስ?"

"ይግቡ እማማ፣ ይበርዳል።"

ገቡ። ብስክሌቶቹን ከኋላ ጫንኩ። እንደወጣሁ ስለተቆጠርኩ እኔም ወጣሁ። ጉልበቴ ምንም ቅሬታ አላሰማም።

ብስክሌቶቹ ደኅና እንደሆኑ የነገርናቸው መንገድ ላይ ነው። "ታዲያ ለምን አትቀመጡባቸውም?" አሉ። ምክንያቱን ስንነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ናሆም በሳቃቸው ነቃ።

ቤታቸው ስንደርስ እንደገና ዳቦ በላን። ጌታነህም በላ፤ ኩርፊያውን ተወ። ከዚያ እማማ አሰገደች ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ።

"እማማ፣ በሞቴ፣ እኛ እኮ በመኪና ነን" አለ ጌታነህ።

"እስከ ባሕር ዛፏ ነው።"

እስከ ባሕር ዛፏ ድረስ ከመኪናዋ መብራት ፊት ፊት እየሄዱ ሸኙን። ጌታነህ በእሳቸው እርምጃ ነዳ። ማንም ሰው ጥሩምባ አልነፋም።

ማረፊያው ግቢ ስንደርስ ትዕግስት የደወሎቹን ካርቶን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ከፒክአፗ ስንወርድ አየችን።

"የሶስና አባት፣ ምን ሆናችሁ?"

የሆነውን ነገርኳት። ካርቶኑን አየችው፤ ዓይኗ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። "ለአንዱ ልጅ ብፈቅድ..." አለች።

"ሕጉን አውቀዋለሁ" አለች ሶስና፤ ገብታ እጇን ታጠበች። ራት በላች። ብርድ ልብሱ ውስጥ ከገባች በኋላ ግን ትንሽ አለቀሰች። ጎኗ ተቀምጬ ጀርባዋን አሸሁላት። አዝኜላት ነበር፤ ኮርቼባትም ነበር።

እሑድ

አንኮበርን አየን ማለት አልችልም። ድሮ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ አሳዩን፤ ጉም ነበር፤ ኮረብታው ግን አለ ብለውናል። ከገደሉ ሥር አሊዩ አምባ እንዳለች፣ እዚያ ሙቀት እንደሆነ ነገሩን። እኔና ልጆቼ ጉሙን በናፍቆት አየነው። ለቁርስ በሶ በማር ቀረበልን። ናሆም ሦስት ጊዜ ካስጨመረ በኋላ አረርቲ ላይ በሶ ለምን እንደሌለ ጠየቀኝ። አለ፤ እሱ አይበላም።

የመልስ ጉዞው በአይሱዙ ነው። ወደ እማማ አሰገደች ቤት ስንጠጋ ትዕግስት ሁላችንም ጎንበስ እንድንል አዘዘች፤ አለዚያ አዲስ አበባ የሚሄዱት አውቶቡስ ያመልጣቸዋል። ወላጆችም ልጆችም ጎንበስ አልን። ሶስና ብቻ እንደቆመች ቀረች። እማማ አሰገደች ደጃቸው ላይ ነበሩ፤ እጃቸውን አነሱላት፤ እሷም አነሳች። አላስቆሙንም። ከመኪናው ኋላ ግን ጥቂት እርምጃ ሲከተሉን አየሁ።

ሆቴሉ ጋ ዘበኛው መቀመጫቸውን ፈተው ወሰዱ፤ አጎዛውን ግን "ይሁንህ" አሉኝ። አሁን ሱቄ በረንዳ ላይ አለ፤ ስለ ጤፍ የምታወሩት እሱ ላይ ተቀምጣችሁ ነው።

ቤት በደረስን ማግስት ከሰዓት በኋላ ደወል ሰማሁ። ራሄል ብስክሌቷን ይዛ መጣች። ሶስና በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ሱቅ ውስጥ ብሎን እየቆጠርኩ ነበር፤ መቁጠሬን አቆምኩ።

"ደረስሽ?" አለች ራሄል።

"ደረስኩ።"

"መኪና ላይ ወጣሽ?"

"ወጣሁ።"

"ለምን? ጎማ ፈነዳ?"

"ሰው ልሸኝ።"

ራሄል ጥቂት አሰበች። "እስከ የት?"

"እስከ ቤታቸው።"

ራሄል ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ አንድም ነገር አልጠየቀችም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀችም። ሲመሻሽ ልትሄድ ተነሳች፤ ሶስናም ተነስታ "እስከ ጥጉ ልሸኝሽ" አለቻት። ሁለቱም ብስክሌታቸውን እየገፉ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ አብረው ተመልሰው መጡ፤ አሁን የምትሸኘው ራሄል ናት። በራችን ጋ ደርሰው እንደገና ዞሩ። ባለቤቴ ራት ቀርቧል ብላ ከውስጥ ተጣራች፤ ራቱ እስኪቀዘቅዝ አንድ ደወል ወደነሱ ቤት ሲሄድ፣ ወደኛ ቤት ሲመጣ ይሰማኝ ነበር። ሁለቱም ይገፉ ነበር፤ የተሳፈረ ግን አልነበረም።